ግድግዳ ይኑረው አይኑረው

በሳቫይ ደሴት ቤት መሥራት የሚከብደው እንጨት ጠፍቶ አይደለም። እንጨት ሞልቷል። አናጢም ሞልቷል፤ ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሞ ከሚያንኮራፋው ሰው ግማሹን ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት አናጢ ነኝ ይላል። የጠፋው «በቃ፣ እንዲህ ይሁን» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ነው። ፉአቲኖም የምትኖረው በዚህ እጦት ነው።

ፉአቲኖ አናጢ አይደለችም። ሚስማር ልምታ ብትል ሚስማሩ ራሱ ይስቅባታል። ሲሚንቶ አትሸጥም፣ ቆርቆሮ አትነግድም። ሥራዋ ቤት በሚያሠራው ቤተሰብና በአናጢዎቹ መሀል ሰሌን አንጥፎ መቀመጥ ነው። ጣሪያው ቀይ ይሁን አረንጓዴ፣ ወጥ ቤቱ ከነፋሱ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ ደረጃው ወደ ባሕሩ ይዙር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቤተሰቡ ዝናብ ሳይቀድመው እንዲቆርጥ ታደርጋለች። ወፍራም ናት፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ከእጇ የማይለይ የኮኮናት ቅጠል ማራገቢያ አላት። ሰው ሲያናግራት ማራገቢያውን ጉልበቷ ላይ ቀስ እያለች ጠብ ጠብ ታደርገዋለች። ሰውየው መወላወል ሲጀምር ጠብጠብታው ይፈጥናል። በማራገቢያው ድምፅ ብቻ ደንግጠው «እሺ፣ አረንጓዴ» ያሉ የተከበሩ ሽማግሌዎች አሉ።

ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም፤ ብቻ አባቷ አስተማሪ ሳይሆኑ ማስተማሪያ ነበሩ። ለልጃቸው ባል ሲመርጡ ጥንቃቄያቸው ለጉድ ነበር። አንዱ ሊጠይቅ ሲመጣ «ጥሩ ልጅ ነው፣ እስቲ እንየው» ይላሉ። ሌላው ሲመጣ «ይኸኛውም ጥሩ ነው፣ እሱንም እንየው» ይላሉ። እሳቸው እያዩ የመጀመሪያው ሌላ አግብቶ ወለደ፣ ሁለተኛው ዲያቆን ሆነ፣ ሦስተኛው ጥርሱ ረገፈ። የመጨረሻው ቴኦ የሚባል አናጢ ነበር። ደጃፋቸው ላይ አንዲት የኮኮናት ችግኝ አጠገብ ተቀምጦ መልስ ሲጠብቅ ችግኟ አደገች፣ ዛፍ ሆነች፣ አፈራች፣ ፍሬዋንም አናቱ ላይ ጣለችበት። ያን ጊዜ ፉአቲኖ ከቤት ወጣች።

«አባባ፣ ይሄን ልጅ ወይ እኔ ልውሰደው ወይ ዛፉ ይውሰደው። የቱ ይሻልዎታል?»

«አንቺ ውሰጂው» አሉ አባቷ፣ ምራቃቸውን እንኳ ሳይውጡ።

ፉአቲኖ ያን ቀን አንድ ነገር ገባት። ሰው መወሰን የሚያቅተው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን ጥያቄው ስላልተቆረሰለት ነው። የሰው ራስ የሚያክል ሙሉ የዳቦ ፍሬ አፉ ላይ ቢደቅኑበት ማን ጎበዝ ያኝከዋል? ቴኦን አግብታ እሱ በየሰው ቤት መልስ ሲጠብቅ ጢሙ ሲሸብት አየች፤ እየሄደች ታስጨርስለት ጀመር። ቴኦ ካረፈ በኋላም ሌሎቹ አናጢዎች አልለቀቋትም።

አናጢ በደሴቲቱ ወደ ሥራ ሲገባ ከነመጥረቢያው፣ ከነሰሌኑ፣ ከነሆዱ ነው የሚገባው። አሠሪው ያሳድረዋል፣ ያበላዋል። ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ ምርጡ ጎደሬ፣ ወፍራሙ ዓሣ፣ የእሑዱ አሳማ የአናጢው ነው። አናጢው ከተቀየመ ደግሞ መጥረቢያውን አንሥቶ ውልቅ ይላል። እሱ ጥሎት በሄደው ቤት ላይ ሌላ አናጢ፣ የገዛ አባቱ ቢለምነው፣ አንዲት ሚስማር አይመታም። መንገዱ ዳር እንደዚያ የቀረ አንድ ቤት አለ፤ ምሰሶዎቹ ብቻ ቆመው አሳማ ይታከክባቸዋል። ባለቤቶቹ ስለ ጣሪያው ቀለም ሲከራከሩ አናጢው ሄደባቸው። አሁን ጣሪያቸው ሰማይ ነው። ከተከራካሪዎቹ ሰማያዊ ያለው ወንድም ብቻ ነው ደስ ብሎት የሚኖረው።

ይህን ልማድ ፉአቲኖ እንደ ገመድ ይዛ ትስበው ነበር። ቤተሰቡ ከዛሬ ነገ ማለት ሲያበዛ ለአናጢዎቹ አለቃ ለሲሊንጋ «ፓላኡን ላክልኝ» ትለዋለች። ፓላኡ አናጢ ይባል እንጂ የተፈጠረው ለጎተራነት ነው። እሱ ግቢ ገብቶ እጁን ሲታጠብ ያዩ ዶሮዎች ዘመድ ጥየቃ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳሉ። ስለ አንድ መስኮት ዓመት ሙሉ ሲያስብ የኖረ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ፣ ፓላኡ ሳህኑን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስሞላ «ወደ ባሕር፣ ወደ ባሕር ይሁን» ብሎ ጮኸ። ፉአቲኖ ክርክር አትወድም። የፓላኡ መንጋጋ ይበቃት ነበር።

የሹሙ የሙሊታሎ ቤት እስኪመጣ ድረስ እንግዲህ አንድም ጊዜ አላሳፈራትም።

የሙሊታሎን አሮጌ ቤት ማዕበል ወስዶት፣ ቤተሰቡ መሠረቱ አጠገብ በተወጠረ ሰማያዊ ሸራ ሥር ይኖር ነበር። ሲሊንጋና ልጆቹ ምሰሶዎቹን አቆሙ፣ የጣሪያውን አጥንት አሰሩ፣ ቆርቆሮውንም ከመደብር አስመጥተው ከመሩት። ከዚያ በላይ ለመሄድ አንዲት ቃል ጎደለች፦ ቤቱ ግድግዳ ይኑረው አይኑረው? ግድግዳ ካለው የቆመው ምሰሶ ለጣውላው እንደገና ይጠረባል፣ ጣሪያውም በሌላ መልክ ይቀመጣል። ሰማዩ ደግሞ በየከሰዓቱ መጥቆር ጀምሯል።

ሹሙ ክፍት ቤት ነው የሚወዱት። ሰሌናቸው ላይ ተጋድመው በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ያያሉ። ማን ምን ዓሣ ይዞ ገባ፣ የማን ሚስት አዲስ ባርኔጣ ገዛች፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት ጠፋ፣ ከሳቸው የሚያመልጥ የለም። ቤቱን የምታሠራው ግን ኦክላንድ ያለችው ልጃቸው ማሲና ናት፤ እሷ የምትፈልገው ግድግዳ፣ በርና ቁልፍ ነው። ባለፈው ለእረፍት በመጣች ጊዜ ክፍቱ ቤት ውስጥ ተኝታ መንደሩ በሙሉ ሲያያት አድሯል። ጠዋት ወደ ባሕር ስትወርድ ያገኘችው ሰው ሁሉ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፣ እንደምታንኮራፋ በትሕትና ነገሯት።

ይህ ቢሆንም አባትና ልጅ ቢጣሉ ነገሩ ባንድ ቀን ባለቀ ነበር። ችግሩ መከባበራቸው ነው። ስልክ ተደወለ። ፉአቲኖ አጠገባቸው ተቀምጣ ስታዳምጥ ማራገቢያዋ ጉልበቷ ላይ እየዘለለ ነው።

«አባባ፣ ግድግዳ ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እርስዎ እንዳሉት ይሁን።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ክፍት ቢሆን እወድ ነበር። ግን አንቺ ያልሽው ነው የሚሆነው።»

«ኧረ እኔ ምን ቤት ነኝ አባባ፣ እርስዎ እያሉ።»

«አይ፣ እኔ ያረጀሁ ሰው። አንቺ ወስኚ።»

ሁለቱም በመከባበር ተላቅሰው ስልኩ ተዘጋ። ምሰሶዎቹ እንደ ቆሙ ቀሩ።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡና በየተራ ተናገሩ። አንደኛው ከሙሊታሎ ቅድመ አያት ጀምሮ በሞገድ ላይ የተንሳፈፈውን ታንኳ ሁሉ ቆጠረ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ንግግር አመሰገነ። ሦስተኛው ምስጋናውን አመሰገነ። በመጨረሻ ሁሉም መልካም ነገር እንደተነገረ በአንድ ድምፅ ተስማምተው፣ ጎደሬያቸውን በልተው ሄዱ። ስለ ግድግዳው የተነፈሰ አልነበረም።

«ፓላኡን ላክልኝ» አለች ፉአቲኖ።

ፓላኡ መጣ። የሹሙ ሚስት ሲናፓቲ ግን እስከዛሬ ፉአቲኖን ከገጠሟት ሴቶች ሁሉ የተለየች ሆና ተገኘች። ሲናፓቲ ሰው ሲበላ ካላየች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ልጆቿ እንደ ወፍ ነበር የሚለቅሙት፤ ባሏ በወሬ ነው የሚጠግቡት። ፓላኡ የመጀመሪያውን ሳህን ልሶ ቀና ሲል ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ሰው እንደመጣ ገባት፤ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

«ይጨምሩልኝ እትዬ ለማለት አፍረህ ነው ልጄ?»

«አላፈርኩም እትዬ፣ እያኘክሁ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ግቢው ሠርግ ሆነ። በጋለ ድንጋይ የተቀበረ አሳማ፣ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለ የኮኮናት ወተት፣ በሎሚ የራሰ ጥሬ ዓሣ፣ የቆርቆሮ ሥጋ በየዓይነቱ። ወሬው ኦክላንድ ሲደርስ ዘመዶች ለሲናፓቲ ክብር የቆርቆሮ ሥጋ በካርቶን በካርቶን በመርከብ ላኩ፤ መርከቧ አንድ ጎኗ አዘንብሎ ገባች ይባላል። አናጢዎቹ ስለ ቤቱ መጠየቅ ተዉ። በፊት እንደ ድመት ምሰሶ ላይ የሚወጡት ልጆች አሁን አንዱ ሌላውን ከሰሌኑ ደግፎ ያስነሣው ጀመር። ፓላኡ አንድ ቀን በወጉ ልሥራ ብሎ መረማመጃ ጣውላ ላይ ወጣ። ጣውላው ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቅ ለሁለት ተከፈለ።

ሲሊንጋ ፉአቲኖን አውቶቡስ ስትጠብቅ መንገድ ዳር አገኛት። ራሱ የተቀጠቀጠ ሚስማር ይመስላል፤ ስብ የሚባል ነገር በዘሩ የለም። አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ፉአቲኖ፣ አንቺ አናጢዎቼን አደለብሻቸው።»

«እኔ ነኝ ወይስ ሲናፓቲ?»

«ገመዱን የሳበችው ሌላ ናት እንዴ? በፊት ስንመጣ ሰው ይፈራን ነበር። አሁን ልጆች እየመጡ ሆዳችንን ይደባብሳሉ። ትናንት አንዷ ሕፃን ፓላኡን ‹የሚታረዱት መቼ ነው?› ብላ ጠየቀችው።»

ፉአቲኖ ልትስቅ ስትል ፊቱን አይታ ተወችው።

«ስሚ» አለ ሲሊንጋ። «ሳይሠራ የሚበላ እንግዳ ነው እንጂ አናጢ አይደለም። እኔ ደግሞ ለእንግድነት አልተጠራሁም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ቁርጡ ካልተነገረኝ መጥረቢያዬን አነሣለሁ።»

«ዝናቡ እኮ ደርሷል ሲሊንጋ። ሸራ ሥር ናቸው።»

«ለዚህ ነው እስከ እሑድ ያልኩት። ባይሆን ዛሬ ነበር።»

አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ፉአቲኖ አልተሳፈረችም። ሲሊንጋ ካለ አለ ነው። ሲሊንጋ ከሄደ መንገዱ ዳር ካለው ሌላ ሁለተኛ ጣሪያ አልባ ቤት ይቆማል፤ አሳማዎቹ የሚታከኩበት ምሰሶ ይጨመርላቸዋል፤ የሹሙ ቤተሰብም ሸራው እስኪበሰብስ ሸራ ሥር ይቀራል። እሷንም ከዚያ በኋላ ማንም አይጠራት።

በቀጥታ ወደ ሹሙ ሄደች። እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች፣ ማራገቢያውን ጉልበቷ ላይ አዘጋጀች።

«ጌታዬ፣ ግድግዳ ነው ወይስ ክፍት?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው ፉአቲኖ።»

«መልሱስ ጌታዬ?»

«መልሱም ጥሩ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

«እሺ፣ እናሳንሰው። በባሕሩ በኩል ብቻ ይንገሩኝ። ይዘጋ አይዘጋ?»

«ባሕሩ» አሉ ሹሙ ወደ ባሕሩ እያዩ፣ «እግዚአብሔር የሰጠን ትልቅ በረከት ነው።»

ማራገቢያው ፈጠነ፣ ጋለበ፣ ጠርዙም ተበጠሰ። ሹሙ ባሕሩን ማመስገን አልጨረሱም።

ፉአቲኖ ተስፋ ቆርጣ ወደ ሸራው ጥግ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ጥላ ዞር ብላ ተቀመጠች። አናጢዎቹ ምሳ ላይ ናቸው። ሲናፓቲ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ የፓላኡን አፍ ታያለች። እሱ ሲያኝክ አገጯ አብሮ ይነቃነቃል። እሱ ሲውጥ እሷ ትተነፍሳለች። አንድ ጊዜ አጥንት ጉሮሮው ላይ ይዞት ለአፍታ ማኘኩን ሲያቆም ሲናፓቲ ቀለሟ ጠፋ። «ምነው? ጨው በዛ?» ብላ ጭልፋዋን ጣለች።

ፉአቲኖ ማራገቢያዋን አቆመች። ገመዱን ለካ በተሳሳተው ጫፍ ይዛ ስትስብ ነው የከረመችው።

አናጢዎቹን ሰብስባ ወደ ባሕሩ ዳር ወሰደቻቸው።

«ነገ አትበሉም» አለቻቸው።

ሁሉም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ፓላኡ ነው መጀመሪያ የተናገረው። «እስከ ምሳ?»

«ሹሙ እስኪቆርጡ።»

«እትዬ ፉአቲኖ፣ እሳቸው እኮ ጢማቸውን ለመላጨትም ሽማግሌ ነው የሚሰበስቡት። እስከዚያ እኔ ምን እሆናለሁ?»

«ትከሳለህ።»

«እናቴ አታውቀኝም።»

ሲሊንጋ «ልክ ናት» አለ። «አናጢ ምግብ ሲመልስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። አባቴም አላየም። ይሄ መጥረቢያ ከማንሣት አይተናነስም፤ ግን መመለሻ አለው።»

«አንድ ነገር» አለ ፓላኡ። «እትዬ ፉአቲኖም አትበላም። እሷም ከኛ ጋር ትቀመጣለች። እኛ ምራቅ ስንውጥ እሷ ጥግ ይዛ ዓሣ የምትበላ ከሆነ እኔ የለሁበትም።»

ፉአቲኖ ሆዷን አየችው። ሆዷም አያት። «እሺ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሲናፓቲ ኮኮዋ የፈላበትን ሩዝና ትኩስ ጎደሬ ይዛ መጣች። አናጢዎቹ በሰልፍ ተቀምጠዋል፤ ፉአቲኖ መሀላቸው ናት። ማንም እጁን አልታጠበም። ሲሊንጋ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እትዬ ሲናፓቲ፣ ማዕዱ የተባረከ ነው። በምግቡ ነውር የለም። ግን አናጢ ተብለን መጥተን እንግዳ ሆንን። ሥራ ያልያዘ እጅ ወደ አፍ የሚሄድበት መንገድ ጠፋው። ይቅር ይበሉን።»

ሲናፓቲ ሳህኖቹን ሰብስባ ተመለሰች። ሳይቆይ ከወጥ ቤቱ የዶሮ ጩኸት ተሰማ። ሰው ምግብ ሲመልስባት የምታውቀው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ የበለጠ ምግብ። ምሳ ላይ ዶሮ፣ ዓሣ፣ አሳማ፣ ከኦክላንድ የመጣው ሁሉ በቅጠል ላይ ተደርድሮ ቀረበ። የጥብሱ ሽታ እስከ ወደቡ ደርሶ፣ የመርከቧ ካፒቴን መልሕቁን መልሶ ጣለ ብለው የሚምሉ አሉ። ፓላኡ ዓይኑን ጨፍኖ መዝሙር ያጉረመርማል። የፉአቲኖ ሆድ በመዝሙሩ መሀል «አሜን» የመሰለ ድምፅ አወጣ። ማንም እጁን አልዘረጋም።

በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ይቆም ጀመር። «የሲናፓቲን ምግብ አናጢዎቹ መለሱት አሉ።» «ምን ቢገኝበት ነው?» «ኧረ ፓላኡም አልበላ።» «ፓላኡ ካልበላማ ዝንብም አይበላውም።»

ይሄን ጊዜ ከማዶ ካለው ቤት የሹሙ እህት ሎሲ፣ ትንሽ ቅርጫት በጨርቅ ሸፍና፣ ፈገግታዋን ይዛ ብቅ አለች። ሎሲና ሲናፓቲ የሚዋደዱ ሴቶች ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዷ የሌላዋን ድስት በዓይን ስትጠብቅ ኖራለች።

«ሲናፓቲ፣ እህቴ» አለች ሎሲ፣ «እኔ እንኳ ከዚያ ማዶ ሆኜ ጨው ስትጨምሪ እያየሁ ‹ኧረ በዛ› ስል ነበር። ምን ላድርግ፣ ቤታችሁ ክፍት ሆኖ ሁሉ ነገር ይታያል። ለልጆቹ ትንሽ የዳቦ ፍሬ በኮኮናት ወተት አምጥቻለሁ። የኔን ምናልባት ቢወዱት ብዬ ነው።»

ጨርቁን ገለጠችው። እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ወደ ፓላኡ አፍንጫ ሄደ። የፓላኡ እጅ፣ ባለቤቱ ሳያዘው፣ ከጉልበቱ ላይ ተነሣ። ያ እጅ የሎሲ ቅርጫት ውስጥ ከገባ ለሲናፓቲ እስከ መቃብሯ ስድብ ነው፤ ሹሙ አናጢዎቹን ያባርራሉ፣ ሲሊንጋ መጥረቢያውን ያነሣል፣ ቤቱም የአሳማ ነው። እጁ ሄደ፣ ሄደ፣ ቅርጫቱ አፍ ላይ ደረሰ።

ማራገቢያው ጯ አለ። ፓላኡ ጣቶቹን ወደ ብብቱ ሰበሰበ።

«ዝንብ ነው» አለች ፉአቲኖ ለሎሲ። «ትልቅ ዝንብ ነበረ።»

ሲናፓቲ ግን ያየችውን አይታለች። ሽርጧን አጥብቃ ወደ ሹሙ ተራመደች። ሹሙ ሰሌናቸው ላይ ሆነው መንገደኛውን ያያሉ። ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ፊት አንቱ ስትላቸው የኖረች ሴት ናት።

«አንተ» አለች።

መንገደኞቹ ዝም አሉ። ዶሮዎቹም ዝም አሉ፤ የቀሩት ዶሮዎች።

«ግድግዳ ነው ክፍት?»

«ሲናፓቲ፣ ልጃችን እኮ ገና . . .»

«ልጃችን ኦክላንድ ናት። ድስቱ ግን እዚህ ነው።»

«ሽማግሌዎቹ ሳይነጋገሩበት . . .»

«ሽማግሌዎቹ በልተው ከጠገቡ ምሰሶ የሌለውን ቤት ያጸድቃሉ። አንተን ነው የጠየቅሁህ።»

ሹሙ ዙሪያቸውን አዩ። ባሕሩን ለማመስገን አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚስታቸውን ዓይን ሲያዩ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ባለቀ ድምፅ «አንቺስ» አሉ፣ «ምን ቢሆን ይሻላል ትያለሽ?»

ፉአቲኖ ማራገቢያዋ ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ። አባቱን ጠይቃለች፣ ልጅቷን ጠይቃለች፣ ሽማግሌዎቹን ጠይቃለች። ቀኑን ሙሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ቆማ የምትውለውን ሴትዮ ግን አንድም ቀን፣ አንድም ሰው፣ ፉአቲኖ ራሷ ጭምር፣ አልጠየቃትም ነበር።

ሲናፓቲ ለማሰብ አንድ ትንፋሽ አልፈጀችም።

«በሦስት በኩል ክፍት። በዚያ በኩል ግድግዳ» አለችና እጇን ዘረጋች። ጣቷ ሎሲንና ቅርጫቷን አልፎ ማዶ ያለው ቤት ላይ አረፈ። «ከመሬት እስከ ጣሪያ። መስኮት የሌለው። ከግድግዳው ጥግ ደግሞ ለማሲና ቁልፍ ያለው መኝታ ይውጣላት፤ ታንኮራፋበት።»

ሹሙ ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ የዝንብ ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና በሽማግሌ ድምፅ ተናገሩ። ከረጅም ማሰላሰል በኋላ፣ የአባቶቻቸውን ልማድና የልጆቻቸውን ምኞት አመዛዝነው፣ በሦስት በኩል ክፍት በአንድ በኩል ዝግ እንዲሆን መቁረጣቸውን አስታወቁ። ሐሳቡ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በልባቸው እንደነበረም አልሸሸጉም። ለማሲና ሲደወልላት «አባባ፣ እኔም እኮ ልክ እንደዚሁ እያሰብኩ ነበር» አለች። ሁለቱ አሁንም ትንሽ አለቀሱ።

ሲሊንጋ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ መጥረቢያው ሄደ። አነሣው። ሲናፓቲ ደረቷን ያዘች። እሱ ግን ወደ መንገዱ አልዞረም። በማዶ በኩል ወዳለው ምሰሶ ሄዶ በስለቱ አንድ መሥመር ጫረበት።

«ከዚህ ይጀምራል» አለ። «አሁን እንብላ።»

ቁርሱም ምሳውም ያልቀረበው እራትም ባንድ ላይ ተበላ። ፓላኡ እንዴት እንደበላ የሚያወሩ ሰዎች እስከዛሬ አሉ፤ ሁሉም ይዋሻሉ፤ እውነቱ ከዚያ ይበልጥ ነበር። ፉአቲኖም ማራገቢያዋን ጎኗ አስቀምጣ በሁለት እጇ ነው የበላችው። ሲናፓቲ በመሀላቸው እየዞረች ትጨምራለች፣ አገጯ አብሮ ይነቃነቃል። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን የገቡት ተደጋግፈው ነው።

ሰኞ ጠዋት ግድግዳው መነሣት ጀመረ። ሥራ ሲያገኙ ሰውነታቸውም ታዘዛቸው፤ ጣውላ በጣውላ ላይ እየተመታ እኩለ ቀን ሳይሆን ግድግዳው የሰው ደረት ደረሰ። ጣሪያው ቆርቆሮ ሲለብስ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፤ ሲናፓቲ ድስቷን ከሸራው ሥር አውጥታ ወደ ውስጥ አስገባች። በነጋታው ግድግዳው ከሎሲ ቁመት በለጠ። ሎሲ ከማዶ ሆና አንገቷን ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች፣ በእግሯ ጣቶችም ቆመች። ስላልቻለች መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ሲናፓቲ፣ ይሄ ሁሉ ግድግዳ ማንን ለመከለል ነው?»

«ነፋሱን ነው እህቴ» አለች ሲናፓቲ ጎደሬዋን እየላጠች። «በእናንተ በኩል ይበረታል።»

ሲሊንጋ መሰላል ላይ ነበር። አፉ ሚስማር ሞልቶት ስለነበረ አልሳቀም። ብቻ መዶሻው ሁለት ጊዜ ሳተ።